ጥገኝነት መጠየቅ መብት ነው፤ በሩ ግን የት ነው?

ሦስት ጀልባዎች ናቸው። ሁለት መቶ ያህል ሰው ጭነዋል። ከሊቢያ ተነስተው ወደ ጣሊያን እያመሩ ነው። ከላምፔዱዛ ደሴት በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ ሲደርሱ የጣሊያን መንግሥት መርከቦች አገኟቸው። ሰዎቹን ከጀልባ ወደ መርከብ አወጧቸውና ጉዞ ተጀመረ። አሥር ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ የታያቸው ወደብ ግን የጣሊያን አልነበረም። ትሪፖሊ ነው። የተነሱበት አገር።

ቀኑ ሜይ 6, 2009 ነበር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ "አንተ ማነህ? ከምን ሸሸህ?" ብሎ የጠየቃቸው ባለሥልጣን አልነበረም። ከመካከላቸው ሶማሊያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። 24ቱ በኋላ ጣሊያንን ከሰሱ። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ያን ቀን ማንም "ጥገኝነት አንሰጥም" አላለም። ማመልከቻ ውድቅ አልተደረገም፤ ማመልከቻ የሚባል ነገርም አልነበረም። ስለ ድንበር ቁጥጥር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ወሬው ሁሉ ስንቱ ፖዘቲቭ (ተቀባይነት) አገኘ፣ ስንቱ ኔጋቲቭ (ውድቅ) መጣበት የሚለው ላይ ያተኩራል። ጥያቄውን ለማቅረብ እንኳ ያልደረሰው ሰው ከሁለቱም ቁጥር ውስጥ የለም።

"ስደተኛ" ስንል ማንን ነው?

አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግራል። ሥራ ፍለጋ የወጣውም፣ ከእስር ያመለጠውም፣ ለትምህርት ሄዶ እዚያው የቀረውም በእኛ አፍ ስደተኛ ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ቃሉ ጠባብ ነው።

በ1951 ጄኔቫ ላይ የወጣው የስደተኞች ስምምነት እንደሚለው፣ ስደተኛ ማለት ከአገሩ ውጭ ያለ፣ ቢመለስ ስደትና በደል ይደርስብኛል ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት የሚሰማው፣ የአገሩን መንግሥት ከለላ ማግኘት ያልቻለ ወይም በፍርሃቱ የተነሳ የማይፈልግ ሰው ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ከአምስት ነገሮች በአንዱ መምጣት አለበት፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ይህን አሰፋው። ከውጭ ወረራ ወይም ጸጥታን ክፉኛ ካናጋ ሁኔታ የሸሸውም ስደተኛ ነው አለ።

"ጥገኝነት ጠያቂ" የሚባለው ጥያቄውን አቅርቦ መልስ የሚጠብቀው ሰው ነው። "ፍልሰተኛ" የሚለው ቃል ደግሞ በማናቸውም ምክንያት አገር ለቆ የሄደን ሁሉ ያጠቃልላል።

አሁን ቁልፉ ነገር። አንድ ሰው ስደተኛ የሚሆነው ወረቀት ስለተሰጠው አይደለም። መስፈርቱን ካሟላ፣ ድንበር ላይ የቆመ ዕለትም ስደተኛ ነው። ወረቀቱ ያረጋግጥለታል እንጂ አይፈጥረውም። ችግሩ ግን ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ማን ከምን እንደሸሸ ለማወቅ ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ሳይሰሙ የመለሱት ሰው ማን እንደነበር አይታወቅም።

አገር ድንበሩን መዝጋት አይችልም እንዴ?

ይችላል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ብሎ መወሰን የማንኛውም መንግሥት ሥልጣን ነው። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 14 ማንም ሰው ከስደት ሸሽቶ በሌሎች አገሮች ጥገኝነት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። "መንግሥታት የመስጠት ግዴታ አለባቸው" የሚል ዓረፍተ ነገር ግን አንድም ቦታ የለውም።

ይህን ሥልጣን የሚገድቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱም ያሉት በ1951ዱ ስምምነት ውስጥ ነው። አንደኛው አንቀጽ 33 ነው። ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስ አይቻልም ይላል። ሕግ አዋቂዎች "ያለመመለስ መርህ" ይሉታል። ለአገር ደኅንነት አደገኛ ለሆነ ሰው ጠባብ ልዩ ሁኔታ አለው። ሁለተኛው አንቀጽ 31 ነው። በቀጥታ ከአደጋው የመጣ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ድንበር ስለተሻገረ ብቻ አይቀጣም፤ ወዲያው ራሱን ለባለሥልጣን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካለው። የስምምነቱ ጸሐፊዎች ከገዳዩ የሚሸሽ ሰው ፓስፖርት ለማሳደስ እንደማይሰለፍ ያውቁ ነበር።

ከየት አወቁት? ከቅርብ ትዝታ። በ1939 ሴንት ሉዊስ የተባለች መርከብ 937 ተሳፋሪዎች ይዛ ከሃምቡርግ ወደ ኩባ ተጓዘች። አብዛኞቹ ከናዚ የሚሸሹ አይሁዶች ነበሩ። ኩባ ከጥቂቶች በስተቀር አላስገባም አለች። አሜሪካም በሯን ዘጋች። መርከቧ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በናዚዎች እልቂት አለቁ። ማንም የኩባን ወይም የአሜሪካን ሕግ ጣሰ አልተባለም። ቪዛ የላቸውም፤ አይገቡም፤ አለቀ።

ስለዚህ ዛሬ ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ሁሉንም ማስገባት አይጠበቅብህም፤ ደጅህ የደረሰውን ሰው ግን ሳትሰማ ወደ እሳቱ አትመልሰው። ግዴታው የሚጀምረው ሰውዬው እጅህ ላይ ሲወድቅ ነው።

እንግዲህ ግዴታውን የማይወድ መንግሥት ምን ያደርጋል? ሰውዬው እጁ ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ሳይቃጠል በቅጠል።

ፍርድ ቤትን እናስብ። ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ተብሎ ተለጥፏል። ዳኛው ወንበሩ ላይ ነው፣ መዝገብ ቤቱም ክፍት ነው። የግቢው ጥበቃ ግን ያለ መግቢያ ወረቀት ማንንም አያሳልፍም። መግቢያ ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው። ሕጉ አልተሰረዘም። ማስታወቂያውም ከግድግዳው አልወረደም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዘዴዎች በሙሉ የዚህ ጥበቃ ዘመዶች ናቸው።

ታዲያ ለምን ቪዛ አውጥተው አይሄዱም?

ብዙ ሰው በቅንነት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ በአብዛኞቹ አገሮች "የጥገኝነት ቪዛ" የሚባል ነገር የለም። ያሉት ቪዛዎች ለጎብኚ፣ ለተማሪ፣ ለሠራተኛ፣ ለቤተሰብ ናቸው። ለጎብኚ ቪዛ ያመለከተ ሰው ደግሞ "እመለሳለሁ" ብሎ ማሳመን አለበት። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ። ስደተኛው የሚፈልገው በትክክል አለመመለስን ነው። እውነቱን ከተናገረ ቪዛው ይከለከላል። ከዋሸ ደግሞ በኋላ ኬዙ ሲታይ ያ ውሸት ይነሳበታል።

ይህ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ከሶሪያዋ አሌፖ የሸሸ አንድ ቤተሰብ ቤይሩት በሚገኘው የቤልጂየም ኤምባሲ የሰብዓዊነት ቪዛ ጠየቀ። ዓላማቸውን አልደበቁም፤ ቤልጂየም ገብተን ጥገኝነት እንጠይቃለን አሉ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 በሰጠው ውሳኔ፣ የኅብረቱ ሕግ አባል አገሮች እንዲህ ያለ ቪዛ እንዲሰጡ አያስገድድም አለ። ማለትም ያው ቤተሰብ በደላላ ጀልባ ተሻግሮ ቢደርስ ጥያቄው መታየት አለበት። በኤምባሲ በር በሥርዓት ሲመጣ ግን ግዴታ የለም።

ከካምፕ ተመርጦ በአውሮፕላን ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ፣ ማለትም መልሶ ሠፈራ፣ አለ። ነገር ግን በየዓመቱ ይህ ዕድል የሚደርሳቸው ከዓለም ስደተኞች ከመቶ አንድ እጅ ያንሳሉ። ሰልፍ ነው ለማለትም ያስቸግራል፤ ዕጣ ይመስላል።

የአየር መንገድ ሠራተኛ ከዚህ ምን አገባው?

ብዙ አገባው። ምናልባትም በዓለም ላይ ብዙ ስደተኛ የሚያስቆመው ጠመንጃ የያዘ ወታደር ሳይሆን ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚመዝን ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንግሥታት ተገቢ ሰነድ የሌለው ሰው ይዞ የመጣን አየር መንገድ ወይም መርከብ ይቀጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ አገሮች ሊመርጡ ከሚችሏቸው የቅጣት ዓይነቶች አንዱ በአንድ መንገደኛ ቢያንስ 3,000 ዩሮ ነው። የመመለሻው ወጪም በድርጅቱ ላይ ነው። መመሪያው የጄኔቫው ስምምነት እንደተጠበቀ ነው ይላል። ግን ቆጣሪው ጀርባ የቆመው ሠራተኛ የስደት ሕግ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ፊቱ ያለው ወረፋ ረጅም ነው፣ በረራው ሊነሳ ነው። ቪዛ የለም? ቀጣይ።

ይህ ሰው የጥገኝነት ጥያቄ ውድቅ አላደረገም። ውሳኔ የለም፣ ይግባኝ የለም፣ መዝገብም የለም። ለዚህ ነው ዘዴው ጸጥ ያለና የማይታይ የሚሆነው።

በዚህ ላይ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አለ። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ፣ ቪዛ ያስፈልጋል። የኅብረቱ የጋራ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያና አፍጋኒስታን አሉበት። ስደተኛ የሚበዛባቸው አገሮች እዚያ ውስጥ መገኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም።

ብዙውን ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት ለደላላ ከሚከፈለው በጣም ይረክሳል። ሰው ውዱንና የሚገድለውን መንገድ የሚመርጠው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም።

ባሕር ላይ የማን ሕግ ነው የሚሠራው?

አሜሪካ ከ1981 ጀምሮ ከሄይቲ የሚመጡ ጀልባዎችን ባሕር ላይ እያስቆመች መመለስ ጀመረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1993 ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ፣ ያለመመለስ ግዴታ ከአገሪቱ ክልል ውጭ፣ ባሕር ላይ አይሠራም አሉ። ግዴታው የሚጀምረው ከባሕር ዳርቻው ነው እንደማለት ነው።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በተቃራኒው ፈረደ። መነሻው ላይ ያየናቸው 24 ሰዎች ክስ በ2012 ተወሰነ። ሰዎቹ የጣሊያን መርከብ ላይ ከወጡ በኋላ ሙሉ በሙሉ በጣሊያን ቁጥጥር ሥር ነበሩ፤ ስለዚህ ግዴታው እዚያው መርከብ ላይ ነበር ተባለ። ለየአንዳንዱ ከሳሽ 15,000 ዩሮ ካሳ ተፈረደ። እንዲህ ያለው በግድ የመመለስ ድርጊት ነው እንግዲህ "ገፍቶ መመለስ" የሚባለው።

ከዚያ በኋላ ገፍቶ መመለስ ቆመ? አልሸሹም ዞር አሉ። የራሴ መርከብ ከነካቸው ተጠያቂ ከሆንኩ፣ ሌላ ይንካቸው የሚል አሠራር መጣ። በፌብሩዋሪ 2017 ጣሊያን ከሊቢያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመች። ለሊቢያ የባሕር ጠባቂዎች ጀልባና ሥልጠና ይሰጣል፤ ጀልባዎቹን የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው። ይህ ጎትቶ መመለስ ነው። ውጤቱ ለተሳፋሪው ያው ነው፤ ትሪፖሊ። ልዩነቱ አውሮፓዊ እጅ አልነካውም። ሊቢያ ደግሞ የ1951ዱን ስምምነት አልፈረመችም።

ድንበሩ ጋ የደረሰ ሰውስ?

የብሱም የራሱ ጣጣ አለው። በኦገስት 2014 አንድ የማሊ እና አንድ የአይቮሪ ኮስት ተወላጅ፣ ሞሮኮ ጫፍ ላይ ያለችውን የስፔን ከተማ የሜሊያን አጥር ከብዙ ሰው ጋር ወጡት። ከአጥሩ ሲወርዱ ተይዘው ወዲያው፣ ስማቸው እንኳ ሳይጠየቅ፣ ለሞሮኮ ተሰጡ። ከሰሱ። መጀመሪያ አሸነፉ። በ2020 ግን ያው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በትልቁ ችሎት ለስፔን ፈረደ። በሕጋዊው መግቢያ በኩል መምጣት ስትችሉ በጅምላና በኃይል አጥር ዘላችሁ፤ በራሳችሁ ያመጣችሁት ነው አላቸው።

በወረቀት ላይ አሳማኝ ነው። የመብት ተሟጋቾች ያነሱት ነገር ግን ሌላ ነበር። ያ ሕጋዊ መግቢያ ያለው ከሞሮኮ በኩል ነው፤ ጥቁር አፍሪካዊ ወደዚያ በር መጠጋት አይችልም አሉ። እንግዲህ የግቢውን ጥበቃ ያስታውሱ።

አሜሪካ በኮቪድ ጊዜ ቀጥተኛውን መንገድ መረጠች። ከማርች 2020 እስከ ሜይ 2023፣ ርዕስ 42 በሚባለው የቆየ የጤና ሕግ ተጠቅማ፣ ከሜክሲኮ የሚገቡ ሰዎችን ጥገኝነት ይጠይቁ አይጠይቁ ሳትል አባረረች። ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተባርሯል። (ጊዜ ያልኩት አንዱ ሰው ደጋግሞ ስለሚቆጠር ነው።) በ2023 ደግሞ በስልክ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ግድ ሆነ ማለት ይቻላል። ሕይወቱን ለማትረፍ የሮጠ ሰው ሜክሲኮ ውስጥ ስልኩን እያፈጠጠ ለወራት ደጅ ጠና። በጃንዋሪ 20, 2025 መተግበሪያው በአንድ ቀን ተዘጋ። ቀጠሮ የነበራቸውም ቀጠሯቸው ተሰረዘ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው አዲስ የፍልሰትና ጥገኝነት ስምምነት ከጁን 2026 እንዲጀምር የተወሰነ ነው። አንድ ሐሳቡን ብቻ ላንሳ። ከአገሩ ከመጡ ጠያቂዎች ውስጥ ጥገኝነት የሚያገኙት ከመቶ 20 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ጉዳዩ እዚያው ድንበር ላይ፣ በ12 ሳምንት ውስጥ ይታያል። በዚያ ጊዜ ሰውዬው መሬቱ ላይ ቆሞ፣ በሕግ ግን "አልገባም" ተብሎ ይቆጠራል። አካሉ ገብቷል፣ ሕጉ ውጭ ነህ ይለዋል።

"ሌላ አገር ሂድና ጠይቅ" ማለት ይቻላል?

ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ይህን ይረዳዋል። "የኔ አይደለም፣ እዚያ ጠይቅ" የሚል መልስ። እዚያ ሲሄድ "እዚያው ተመለስ"።

አውሮፓ ውስጥ ይህን የሚወስነው ደንብ ስሙ ደብሊን ነው። በመርሁ መሠረት ጉዳዩን ማየት ያለበት ብዙውን ጊዜ ሰውዬው መጀመሪያ የረገጠው አገር ነው። ለዚህ ነው አሻራ ትልቅ ነገር የሆነው። ጣሊያን ወይም ግሪክ አሻራው የተወሰደ ሰው ስዊድን ቢደርስ ኮምፒውተሩ ይናገርበታል። የአውሮፓን ካርታ ያየ ሰው የሚረዳው ነገር አለ፤ ሸክሙ ባሕር ዳር ያሉት ላይ ይወድቃል።

"አስተማማኝ ሦስተኛ አገር" የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ነው። እዚያ ደኅና ነህና እዚያ ጠይቅ ማለት ነው። ጥያቄው አስተማማኝነቱን ማን መረመረው የሚለው ነው። ብሪታኒያ በ2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልላክ ስትል፣ የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2023 ከለከላት። ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ ከሩዋንዳ መልሰው ወደሸሹበት አገር ሊላኩ ይችላሉ አለ። ከተመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ሩዋንዳ ከእስራኤል ጋር የነበራት ተመሳሳይ አሠራር ነው። በ2024 መንግሥት ሲቀየር ዕቅዱ ተሰረዘ።

ታዲያ ድንበር ሲጠብቅ ሰው ይቀንሳል?

መንግሥታት የሚያነሱት ክርክር ባዶ አይደለም። ባሕሩ ይገድላል፤ ከ2014 ወዲህ ሜዲትራኒያን ላይ ከ30,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል። ደላላ ይከብራል። ከሚመጡት ብዙዎቹ በሕጉ ትርጉም ስደተኛ አይደሉም። ቁጥርም ይወርዳል። በ2015 ከ850,000 በላይ ሰው በባሕር ግሪክ ገባ። በማርች 2016 የአውሮፓ ኅብረት ከቱርክ ጋር ከተስማማ በኋላ፣ በ2017 ቁጥሩ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ።

ግን የወረደው ምንድን ነው? ግሪክ የደረሰው ሰው ነው። የሶሪያ ጦርነት በ2016 አላበቃም። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአገራቸው ድንበር ብዙ አልራቁም። በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ በግድ የተፈናቀለው ሰው 123.2 ሚሊዮን ነበር። ከዚህ 73.5 ሚሊዮኑ ከአገሩ አልወጣም። ድንበር ከተሻገሩት ከመቶ 67ቱ የሚኖሩት ጎረቤት አገር ነው። ሀብታሙ አገር አጥሩን ባጠበቀ ቁጥር ጎረቤቱም "እኔስ ለምን?" ማለት ይጀምራል።

አጥሩ ደግሞ አይመርጥም። ሥራ ፈላጊውንም፣ ከማሰቃያ ክፍል ያመለጠውንም እኩል ያስቆማል። የመለየቱ ሥራ የሚሠራው ከአጥሩ ወዲህ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ድንበር ላይ የቆመ ሰው ምን ማለት አለበት?

የተለየ ቃል የለም። "አሳይለም" ወይም "ጥገኝነት" የሚለውን ቃል ማወቅ ግዴታ አይደለም። "ብመለስ ያስሩኛል፣ እፈራለሁ" ማለት በማንኛውም ቋንቋ በቂ መሆን አለበት። ድንበር ጠባቂው ራሱ መወሰን አይጠበቅበትም፤ ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል ማስተላለፍ እንጂ። አስተርጓሚ፣ የሚሰማ ባለሙያ፣ ውሳኔው ካልተስማማው ይግባኝ፤ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ከዚያች ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው። የሚሰማ ሰው ሊኖር ግን ግድ ነው።

ትሪፖሊ ላይ የወረዱት እነዚያ 24 ሰዎች ምን ሆኑ? ሁለቱ ብዙም ሳይቆይ በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይታወቅ ሞቱ። ከቀሩት የተወሰኑትን እዚያው ትሪፖሊ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ቢሮ አገኛቸው። አንድ በአንድ አስቀምጦ ጠየቃቸው። ከጁን እስከ ኦክቶበር 2009 ባለው ጊዜ ውስጥ 14ቱ ስደተኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። መርከቡ ላይ ሳሉም ስደተኞች ነበሩ።